አንጓች ዘሯን የጠነሰሰች ጊዜ

ሰሞኑን ከቤታችን አጠገብ አንድ ጎረምሳ ቤት እየሠራ ነው። ጭቃውን በጭድ አቡክቶ አጥሩ ሥር አሳድሮታል። ልጄ ውዴ በዚያ ባለፈች ቁጥር አፍንጫዋን በነጠላዋ ትይዝና «እማዬ፣ መስኮቱን ልዝጋልሽ?» ትለኛለች። ተይው እላታለሁ። የቦካ ጭቃ ሽታ ለሌላው ሰው ግማት ነው፤ እኔን ግን ይዞኝ ይሄዳል። የሚወስደኝም ደስ ወዳለኝ ቦታ አይደለም፤ አንጓች ቤት ነው የሚወስደኝ። ሴትዮዋ ከሞተች ስንት ዘመኗ! እኔም ጥርሴ አልቆ፣ ዐይኔ ፈዞ፣ ምርኩዝ ይዤ የምሄድ አሮጊት ሆኛለሁ። አሁንም ስሟ ሲነሣ ደረቴን አንድ ነገር ይጭረኛል። ቅናት እንደ ጥርስ አይረግፍም መሰለኝ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ዘመነ ማቴዎስ ይሁን ዘመነ ማርቆስ እሱንም ረስቼዋለሁ። የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ያን ጊዜ ወገዳ ገበያ አቡጀዲ በክንድ ሲለካ፣ ነጋዴው ክንዱ አጭር ከሆነ ሴቱ ሁሉ ወደ ረጅም ክንዱ ነጋዴ ይሰለፍ ነበር። ጥለቱ የጣት ስፋት ያለው ነጠላ የለበሰች ሴት «ባለጸጋ አገባች» ትባላለች። ቆርቆሮ የሚባል ነገር በወገዳ አንድ ሹም ቤት ላይ ብቻ ነበር፤ ዝናብ ሲወርድበት የሚያሰማውን ጩኸት ለመስማት ገበያተኛው ከአጥሩ ሥር እየበሰበሰ ይቆማል። ዛሬ ይኸው ጎረምሳው እንኳ ቆርቆሮ በጋሪ አስጭኖ አምጥቷል፤ ደግሞ ተወደደ እያለ ያማርራል። እኛ ለሣር ክዳን ያየነውን አበሳ ቢያይ ምን ይል ነበር!

ስሜ ይታይሽ ነው፤ የጋይንት ልጅ ነኝ። ለአያሌው ተድሬ ስማዳ የመጣሁት ገና ለጋ ሆኜ ነው፤ መንደራችን ዋንዛ በር ትባል ነበር፤ ከወገዳ የግማሽ ቀን መንገድ፣ ከአፋፉ ሥር ተለጥፋ የምትታይ። አያሌው ከኔ በፊት አንጓችን አግብቶ ነበር። ሰባት ዓመት ኖረው ልጅ አልሰጣቸው ቢል በሽማግሌ ተፋቱ፤ እንደ አገሩ ወግም ንብረቱን እኩል ተካፈሉ። ተካፈሉ ማለት ተለያዩ ማለት እንዳይመስላችሁ። እሷ ቤት የሠራችው ከጅረቱ ማዶ፣ ከኛ ደጅ ድምፅ በሚሰማበት ነው። ማለዳ ከብቶቿን ስታስወጣ የምትስቀው ሳቅ እኛ ቤት ይገባል። አያሌውም ድምፁን ሲሰማ ጎርሶ የያዘውን ማኘኩን ያቆም ነበር። «ምነው?» እለዋለሁ። «ምንም» ይለኛል። ምንም ይባላል እንዲህ ያለው ነገር?

ቆንጆ ነበረች፤ መዋሸት አልችልበትም። ጥርሷ ፍንጭት፣ አንገቷ ላይ ሦስት ረድፍ ንቅሳት ያላት፣ ወገቧን በሰፊ መቀነት ጥብቅ አድርጋ የምትሄድ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ልላት ይገባኝ ነበር። አላልኋትም። ምላሴ እምቢ አለኝ። እሷ ደግሞ እኔን «አንቺ ልጅ» ነበር የምትለኝ፤ ያም ያናድደኛል።

ናዳው የመጣው በፍልሰታ ጾም ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰንብቶ፣ መጀመሪያ የምንጩ ውኃ ቀይ ሆነ። ቀጥሎ የቤታችን በር አልዘጋ አለ፤ አያሌው መቃኑን በመጥረቢያ ቢጠርበው ቢጠርበው አልገጥም አለው። ሽማግሌዎቹ ይኼን ሲሰሙ ተያዩ። የሚካኤሉ አስተዳዳሪ አባ ተክሌ በእኩለ ቀን ደወል አስደውለው «ምድር ሊሄድ ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይውጣ!» አሉ። ሰው የያዘውን ይዞ ወጣ፤ አንዱ ከብቱን፣ አንዱ ልጁን፣ አንዱ ታቦት ይመስል ወፍጮውን በራሱ ተሸክሞ። ከደጀ ሰላሙ ቆመን እያየን፣ ቀጥሎ በነበረው ጧት ዋንዛ በር እንዳለች ተነሥታ ሄደች። አፈሩ እንደ ቀጠነ ገንፎ ቤቱን፣ ማሳውን፣ ጎተራውን ይዞ ጅረቱ ውስጥ ገባ። ሰው አልሞተም፤ ስለ ደወሉ ይመስገን። ንብረት ግን የሚባል አልተረፈም።

ዛሬ እንዲህ ያለ መዓት ሲወርድ ሸራ ይመጣል፣ ስንዴ ይመጣል፣ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሳይቀር ይመጣል። ያን ጊዜ ጭቃ ሹሙ በቅሎውን ጭኖ ወደ ወረዳው ሄዶ አመለከተና «መልስ ይመጣል» ተባለ። መልሱ ሳይመጣ ግብር ሰብሳቢው መጣ። ሜዳው ላይ ያለው ርስተኛ ተማክሮ ለየቤተሰቡ የቤት መሥሪያ ቦታ ከፈለልን፤ ቦታ ግን ቤት አይሆንም። እስከዚያው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ግንቡን ተደግፈን፣ የቅጠል ዳስ እየጣልን ተቀመጥን። የላይኛው መንደር ሰዎች ንፍሮ ያመጡልናል። ይኼ ሁሉ ሰው በተጨናነቀበት፣ የአንጓች ዳስ ከማን ዳስ አጠገብ ሆነ መሰላችሁ? ከኛ አጠገብ! ሰው ሁሉ ጭቃ ለብሶ እሷ ነጠላዋን አጥባ ታሰጣለች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ትስቃለች። አንድ ጧት አያሌው ማሰሮ ውኃ ይዞ ሲያልፍ «ዛሬ ራስ ምታቷ ተነሥቶባታል መሰል» አለኝ። ራሷን እንደሚያማት ከየት ታወቀው? ሰባት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ያውቃል፤ እኔ ግን አንጀቴ አረረ። እኔን ምን እንደሚያመኝ አያውቅማ።

እኔን ያመመኝ ሌላ ነበር። ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የበኩሬን። ወጉ ለበኩር ልጅ እናት ቤት መሄድ ነው፤ እናቴ ግን ሞታለች፣ አባቴም ሌላ አግብቷል። የእንጀራ እናት ደጅ ላይ ሄጄ አልወልድ። ታዲያ የት ልውለድ? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይወለድም። የወለደችም ሴት ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቅጥሩን አትረግጥም። መጠጊያችን ደግሞ እሱ ብቻ ነው። የላይኛው መንደር ቤቶች ሰውና ከብት እላይ በላይ ሆኖባቸዋል። ከኔ በፊት አንዲት ጎረቤታችን ከቅጥሩ ውጪ በተጣለ ዳስ ወልዳ፣ የኅዳር ውርጭ ልጇን በክንዷ ላይ አደረቀባት። ሲቀብሩት ሄጄ አይቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ሆዴን ሁለት እጄን አድርጌበት ነው የማድረው።

ቤት ለመሥራት ደቦ መጥራት አለባችሁ። እንጨት ከቆላ ይሸከማል፣ ሰምበሌጥ ከአፋፍ ይታጨዳል፣ ጭቃ ይረገጣል፤ ብቻውን የሚችለው ወንድ የለም። ደቦ የጠራ ሰው ደግሞ ጠላ ጠምቆ፣ እንጀራ ጋግሮ ካላበላ ካላጠጣ ማን ይመጣለታል? ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም ተርቧል፣ ሁሉም የራሱ ቤት ሄዶበታል። ለእያንዳንዳችን የቀረችን ከላይኛው ሜዳ ካለችው ቁራሽ ማሳ በጥቅምት ያጨድናት ገብስ ናት። እሷም ለዘር ናት።

«አያሌው» አልሁት አንድ ቀን፣ «ከገብሷ ትንሽ እንጠንስስ። ደቦ ጥራ። ሆዴን እያየኸው አይደል?»

«ዘር አይጠነሰስም» አለኝ።

«ልጁስ?»

«ልጁ የሚበላው ከዘሩ ነው። ዘር የሌለው ቤት መቃብር ነው፣ ይታይሽ። እኔ ከቅጥሩ ውጪ ጠንካራ ዳስ እሠራልሻለሁ፣ ከላይ አጎዛ እደርብበታለሁ።»

አጎዛ! ውርጩ አጎዛ የሚፈራ ይመስል። ዛሬ ሳስበው አልተሳሳተም፤ ያች ዘር ኋላ ላይ አኑራናለች። ያን ጊዜ ግን ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ።

በዚያው ሳምንት አንጓች ገብሷን ውኃ ውስጥ ነከረችው። ብቅል ልታበቅል! መጀመሪያ ያየች ሴት ጮኸች። አንጓች የዘሯን ገብስ፣ ያለቻትን በሙሉ፣ በቅጠል ጠቅልላ ድንጋይ ጫነችበት። ከፍቺው የደረሳትን የብር ጉትቻ ወገዳ ወስዳ ሸጠችና ጌሾና ቋሚ እንጨት ገዛችበት። ጋን የላት፤ ጋኗን ናዳ በልቶታል። የሰንበቴ ማኅበሩን ጋን አባ ተክሌን ለምና ተዋሰች። አባ ራሳቸውን እየነቀነቁ «አንጓች፣ ግንቦት ሲመጣ ምን ልትዘሪ ነው?» ቢሏት፣ «እሱን ግንቦት ሲመጣ ብናወራው አይሻልም አባቴ?» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ «አበደች» አሉ። ሴቶቹ ግን በጆሮዬ መጥተው ምን እንዳሉኝ ላጫውታችሁ፦ «እህቴ፣ ይቺ ሴት ባሏን ልትመልስ ነው። ቤት ሠርታ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ጎምለል ብላ፣ አንቺ ዳስ ሥር ስትወልጂ እሱን ወደ ሙቁ ቤት ትጠራዋለች።» አመንሁ። ምን አለኝና አላምን!

ደቦው የተጠራ ቀን ሰው እንደ ጥምቀት ወረደ። ያ የተራበ ወንድ ሁሉ ጠላ ሸተተውና ጉልበቱ ከየት እንደመጣ እንጃ። አያሌውም ሄደ። ደቦ ተጠርቶ መቅረት ነውር ነው፤ አትሂድ ልለው አልችልም። እኔ ከቅጥሩ ግንብ ላይ ድንጋይ ተደግፌ ተቀምጬ ከላይ አያለሁ። ምሰሶውን ማን አቆመው? አያሌው። የመደቡን ቁመት ማን ለካ? አያሌው፤ እሷ እንዴት እንደምትወደው ያውቃላ! ጭቃውን ከረገጡት መሀል እግሩ እስከ ጉልበቱ ገብቶ የሚዘለው ማን ነው? ያው ነው። የቦካው ጭቃ ሽታ ነፋስ ይዞት እኔ ያለሁበት ድረስ ይመጣል፣ ከጠላው ሽታ ጋር ተደባልቆ። አውራጁ ደግሞ አፉን ከፍቶ፣

«ናዳ ቤት ቢወስድ ጉልበት መች ወሰደ፣
የአንጓችን ጠላ ጠጥቶ ማን ቆሞ ሄደ!»

ይላል፤ ወንዱ ሁሉ ይቀበላል፣ የባሌን ድምፅ ለይቼ እሰማዋለሁ። ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ይላል፤ እሷ እኔን አላጣችም። ቤቱ ክዳኑ ይንሸራተት፣ ጋኑ ይሰንጠቅ፣ ጠላው ይሾምጥጥ እያልሁ ስመኝ ዋልሁ። ጠላው አልሾመጠጠም። ማታ አያሌው ጉንጩ ቀልቶ፣ ጭቃው ቅልጥሙ ላይ ደርቆ ሲመጣ «እንዴት ነበር?» አልሁት። «ጥሩ ቤት ወጣው» አለኝ። ጥሩ ቤት ወጣው! ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

ታኅሣሥ እንደገባ አባ ተክሌ ዳሳችን ደጅ መጡ። ዐይናቸውን መሬት ላይ አድርገው «ልጄ፣ ቀንሽ ደርሷል። እኔ ምን ላድርግ፤ ሥርዓቱ ነው። ከቅጥሩ ውጡ» አሉኝ። «እሺ አባቴ፣ ይፍቱኝ» ብዬ መስቀላቸውን ተሳለምሁ። አያሌው የሠራው ዳስ ከውጪ ቆሟል። ሌሊት የወረደው ውርጭ ቅጠሉ ላይ እንደ ጨው ነጥቶ ይታያል። ጨርቄን ልሰበስብ ስል አንጓች መጣች። ጎንበስ ብላ ጥቅሌን አነሣችና ብብቷ ሥር አደረገችው።

«ተነሺ፣ አንቺ ልጅ።»

«ወዴት?»

«ወደ ቤት ነዋ።»

«ያንቺ ቤት አልገባም» አልኋት። «ዳሱ ይበቃኛል።»

አያሌው አጠገባችን እንደ ግንድ ቆሟል። አንጓች እሱን አላየችውም። እኔን ብቻ አይታ «ቅናትሽን እዚሁ ዳሱ ውስጥ ትተሽው ነይ፤ ኋላ ትመለሽለታለሽ» አለችኝ። አያችሁ አፏን? ልመልስላት አፌን ስከፍት ምጡ ወገቤን ያዘኝ። ትቼውማ አልሄድሁም፤ ቅናቴን ይዤው ገባሁ።

በሷ ቤት፣ ባሌ ባቆመው ምሰሶ ሥር፣ ጭቃው ገና ባልደረቀ መደብ ላይ ወለድሁ። የያዘችኝ እሷ ናት፤ እትብቱን የቆረጠችው እሷ ናት፤ ልጅቱንም ከኔ በፊት ያቀፈቻት እሷ ናት። ሴት ልጅ ስለሆነች ሰማንያውን ቀን እዚያው ተቀመጥሁ። አቤት ያ ሰማንያ ቀን! ገንፎውን ታገነፋልኛለች፤ የምታገነፋውን ገንፎ እንደሷ አድርጌ ማገንፋት እንደማልችል አውቃለሁ። ዱቄቱን ከየት እንደምታመጣው አልጠየቅሁም፤ ጧት ጧት ወደ ላይኛው መንደር ለሰው ልትፈጭ ትወጣ ነበር። ልጅቱ እኔ ጋ ስታለቅስ እሷ ትቀበለኛለች፤ እሷ ክንድ ላይ ዝም ትላለች። እኔ ሙሉነሽ ብዬ ስም አወጣሁላት። አንጓች ግን «ውዴ፣ ውዴ» እያለች ትጠራታለች። ማን ሙሉነሽ አላት? አያሌው ራሱ ከደጅ ሲገባ «ውዴ ተኝታለች?» ይላል። ይኸው እስከ ዛሬ ውዴ ናት፤ ሙሉነሽ መባሏን የምናውቀው እኔና እግዜር ብቻ ነን። ክርስትና ስትነሣም ያነሣቻት ማን ናት? እንግዲህ ልጄ በደረሰችበት ሁሉ እሷ አለች፤ አንጓች ናታ።

ግንቦት መጣ። ሁሉም በሬውን ጠምዶ ማሳው ላይ ወጣ። አንጓች የምትዘራው የላትም። አያሌው አንድ ጧት በኔ ፊት «ከኔ ዘር ውሰጂ» አላት። እኔም «ውሰጂ» አልሁ፤ ከአንገት በላይ ሳይሆን ከልቤ፣ ምክንያቱም አንድ ነገር ከኛ ተቀብላ ላያት ፈልጌ ነበር። እምቢ አለች። «ግማሿን ለኔ ብትሰጡ ሁለት ቤት በግማሽ ሆዱ ይከርማል። ልጅቱን አስርቡ አልላችሁም» ብላ፣ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ሰጥታ፣ ወንድሟ ወዳለበት ወደ እስቴ ለመሄድ ጓዟን አሰረች። ጓዝ አልሁ እንጂ አንድ ጥቅል ናት። «ቤት ሰው ካልተቀመጠበት ይበሰብሳል። የክርስትና ልጄ ናት፤ ትኑርበት» አለች። ውዴን ሳመቻት፣ ሳመቻት፣ እንደገና ተመልሳ ሳመቻት። እኔንም ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሄደች። ተገላገልሁ ብዬ ነበር። እንዴት ያለ መገላገል! ቤቱን አስፍተን፣ ክዳኑን ሁለቴ ቀይረን፣ አምስት ልጅ ወልጄበት፣ መንገደኛ «የአንጓች ቤት በየት ነው?» እያለ ነው የሚመጣው። «የይታይሽ ቤት» ያለ ሰው በጆሮዬ አልሰማሁም።

ውዴን ልድራት የተሰናዳሁ ጊዜ የሠርግ ጨርቅ ፍለጋ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ወረድሁ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አበባ ያለበት የሐር ሻሽ አምሮት ነበር፤ ወገዳ አይገኝም፣ መካነ ኢየሱስ ያሉ እስላም ነጋዴዎች ያመጡታል ተብሎ። ሻሹን ገዝቼ በአንዲት ሰፈር ስመለስ፣ እንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ ከተሰቀለበት ጠላ ቤት አንዲት ሴት አተላ ልትደፋ ወጣች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ እጇ ከጌሾ ብዛት ጠቁሯል። ሳቋን ነው ያወቅሁት።

«አንቺ ልጅ!» አለች። «ውዴ ደኅና ናት?»

የኔን ደኅንነት አልጠየቀችም። ወደ ውስጥ አስገብታ አስቀመጠችኝ፤ የሰው ቤት ነው፣ ለባለቤቲቱ በደመወዝ ትጠምቃለች። እርሻዋም ለእኩል አራሹ ቀርቶ፣ ወንድሟም ሞቶ፣ ከዚያ ወዲህ በራሷ ጣራ ሥር አላደረችም። የውዴን ሠርግ ስነግራት እንባዋ መጣ። እኔ ግን ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የከረመውን ነገር መያዝ አቃተኝ።

«አንጓች፣ እስቲ ዛሬ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ጊዜ ዘርሽን የጠነሰስሽው አያሌውን ልትመልሺው ነው፣ አይደል?»

ከት ብላ ሳቀች። «አያሌውን? ሰባት ዓመት አውቄው! እሱን ለመመለስ ገብስ ይባክናል?»

«ታዲያ ቤቱን ምን አስቸኮለሽ? ልጅ የለሽ፣ ባል የለሽ። እንደ ሰው እስከ መከር ዳስ ብትቀመጪ ምን ትሆኚ ነበር?»

የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጠች። ያልገባት እሷ እንደሆነች ሁሉ ትክ ብላ አየችኝ።

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ የት ልትወልጂ ኖሯል?» አለችኝ።

ደንበኛ ጠርቷት ተነሣች። እኔ እዚያው ዱካ ላይ ሻሹን ጭኔ ላይ ይዤ ቀረሁ። አመሰገንኋት፣ እግሯ ላይ ወድቄ አለቀስሁ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ቀናሁ። እንደዚያ ቀን ቀንቼ አላውቅም። ለጥርሷ፣ ለሳቋ፣ ባሌ ላቆመላት ምሰሶ፣ ለልጄ ስም ስቀና የኖርሁት ሁሉ የልጅ ጨዋታ ሆነብኝ። ማንም ሳይለምናት፣ ለማን ብላ እንደሆነ ሳትናገር፣ ለማትወዳት ሴት ዘሯን ሙልጭ አድርጋ ጠነሰሰች። እኔ በሷ ቦታ ብሆን፣ እሷ ደግሞ በኔ ሆድ፣ አንዲት እፍኝ ገብስ እነክር ነበር ወይ? ይኼን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም፤ ራሴ ነኝ የምጠይቀው፣ ራሴም ነኝ የምመልሰው።

ለሠርጉ ጠራኋት፤ «መንገዱን አልችለውም» ብላ ቀረች። ከዓመት በኋላ ሞተች አሉ። ውዴ ግን በዓመት በዓመቱ ዝክሯን ታወጣላታለች፣ ድግሱን እኔው እረዳታለሁ፣ ቄሱም ስሟን ከፍ አድርገው ይጠሩታል። በየዓመቱ እዚያ ቆሜ «እግዚአብሔር ነፍስሽን ይማር፣ እትዬ» እላለሁ። ነፍሷን ይማር ማለቴ ከልቤ ነው። አሁንም ግን እቀናባታለሁ።